ከቧንቧ ሱቅ የወጣ ሰይፍ

በፊልም ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከገነነ ሰይፎች መካከል የአንደኛው እጀታ ጫፍ የእጅ መታጠቢያ ሩቢኔት መክፈቻ ነው። ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዎርስ» ፊልም ላይ አሌክ ጊነስ ሽማግሌውን ኦቢ ዋን ኬኖቢን ሆኖ ሲጫወት የያዘው የብርሃን ሰይፍ ቢፈታታ የሚገኘው ግሳንግስ ይኸውላችሁ፦ ብርሃኑ የሚወጣበት አፍ የሮልስ ሮይስ «ደርወንት» ጄት ሞተር ቱቦ፣ መጨበጫው በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች በጠመንጃ ይተኩሱት የነበረ ቦምብ አካል፣ ከሥሩ የብራውኒንግ መትረየስ ክፍል፣ እሱን የሚያቅፈው የካሜራ ፍላሽ ማሰሪያ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ያ የተባለው ሩቢኔት።

እንግዲህ ዛሬ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ አንድ ልጅ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ የፕላስቲክ ቱቦ ገዝቶ፣ ቆርጦና ቀለም ቀብቶ የብርሃን ሰይፍ ሲሠራ፣ ዐዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ «ይቺማ የውሸት ናት፤ ዋናው ሌላ ነው» ይለዋል። ለመሆኑ ዋናው የቱ ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ ያገኘሁት ነገር ነው ስለ ቱቦ ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ። «ታሪክ የነገሥታትና የጦር ሜዳ ነው እንጂ ቱቦ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚለኝ ጓደኛ እንደማላጣ ዐውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከገንዘብ እጥረት ነው። የጆርጅ ሉካስ ፊልም የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ በቱኒዚያ በረሃ ተጀምሮ አብዛኛው ሥራ የተሠራው ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኘው በኤልስትሪ ስቱዲዮ ነው። የትዕይንቱን ዕቃ የማሟላት ኃላፊነት የተሰጠው ሮጀር ክርስቲያን የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ነበር። አዲስ ዕቃ አሠርቶ የጠፈር መርከቦቹን ሁሉ ለመሙላት አቅም ስላልነበረ፣ ክርስቲያን ያደረገው የተጣሉ የአውሮፕላን ቁርጥራጮችን በክብደት እያስመዘነ መግዛት ነው። የሰይፉ ተራ ሲደርስ በለንደን ግሬት ማርልቦሮ ጎዳና ላይ ከሚገኝ የፎቶግራፍ ዕቃ መሸጫ ገባ፤ ከአንድ አሮጌ ሣጥን ውስጥም «ግራፍሌክስ» የሚባል የአሜሪካ የካሜራ ፍላሽ እጀታ አገኘ። የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች በ1940ዎቹ ይይዙት የነበረ፣ ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የሚያጎርስ፣ ቀይ ቁልፍ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ቱቦ ነው። በላዩ ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ዘንጎችን በማስቲሽ ለጠፈ፤ በማሰሪያው ላይ ከሂሳብ መኪና የተነቀለ የማጉያ ጠርዝ አስገባ፤ በታች በኩል ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠልበትን ቀለበት አደረገ። በቃ፣ የሉክ ስካይዎከር ሰይፍ ተወለደ። የክፉው የዳርዝ ቬደርም ሰይፍ ቢሆን ኤም ፒ ፒ ከተባለ የእንግሊዝ ካሜራ ኩባንያ የወጣ የፍላሽ እጀታ ነው። ክርስቲያንና ባልደረቦቹ በዚህ ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝተዋል። ከውዳቂ ተነሥቶ ኦስካር ድረስ ማለት ይኸ ነው።

ስለ እጀታው ይህን ያህል ካልን፣ ስለቱስ? እሱ እንኳን ከእጀታውም የባሰ ነው። ልዩ ትርኢቱን የሚመራው ጆን ስቴርስ ያበጀው ስለት የእንጨት ዘንግ ነበር፤ ብርሃን ተቀብሎ ወደመጣበት የሚመልስ «ስኮችላይት» የሚባል ልባስ ለብሷል። በመኪና መንገድ ዳር በሌሊት የመኪና መብራት ሲያርፍባቸው ቦግ የሚሉትን ምልክቶች አስቡ፤ የዚያ ዓይነት ነው። በእጀታው ውስጥ ያለች ትንሽ ሞተር ዘንጉን ታሽከረክረዋለች፤ የሞተሯ ሽቦ በተዋናዩ እጅጌ ውስጥ አልፎ ይወርዳል፤ ከካሜራው አጠገብ የሚለቀቀው ብርሃን ዘንጉ ላይ አርፎ ወደ ካሜራው ይመለሳል። ችግሩ ግን ልባሱ ብርሃን የሚመልሰው ከጎን ሲታይ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሰይፉ ወደ ካሜራው ሲያዘነብል ብርሃኑ ይሞታል። በ1977ቱ ቅጂ ላይ ኦቢ ዋን ሰይፉን ወደ እኛ ሲያዞር ስለቱ መንምኖ ቀጭን እንጨት ሲሆን ዐይናማ ተመልካች ያየዋል። እንጨቱም ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ የሁለቱ አዛውንት ተዋጊዎች ፍልሚያ ረጋ ያለ፣ ጥንቃቄ የበዛበት ሆነ። ዛሬ «እንዴት ያለ የጥበበኞች እርጋታ ነው!» እያልን የምናደንቀው ነገር ከፊሉ እንጨት እንዳይሰበር መሳሳት ነው።

የቀረውን ብርሃን የሞሉት የእጅ ሠዓሊዎች ናቸው። ሮቶስኮፕ በሚባለው ዘዴ የፊልሙን ምስሎች አንድ በአንድ እያዩ በእንጨቱ ላይ ብርሃኑን ይሥላሉ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ፍልሚያ 1,440 ምስል ይሆናል፤ ሁለቱም ሰይፍ የሚታይ ከሆነ ደግሞ 2,880 ጊዜ መሣል ማለት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ትልቅ ድርሻ የነበረው ኔልሰን ሺን የተባለ ከኮሪያ የመጣ የካርቱን ሠዓሊ ነው። ድምፁንም ቤን በርት ያገኘው ከአሮጌ የፊልም ማሳያ ሞተር እምምታና፣ ሽፋኑ የተላጠ የማይክሮፎን ሽቦ ከቴሌቪዥን ኋላ ሲያልፍ ከያዘው ንዝረት ነው። ሁለቱን ደባልቆ በድምፅ ማጉያ ለቀቀና ማይክሮፎን ይዞ በፊቱ አወናጨፈ፤ ያ «ዉዉም» የሚለው የሰይፉ ድምፅ እንዲያ የተገኘ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ስናይ «ዋናው ሰይፍ» የሚባለው ነገር የት ጋ ነው ያለው? በእጅ የሚያዘው ዕቃ ፍላሽና እንጨት ነው፤ ብርሃኑ ቀለም ነው፤ ድምፁ የተላጠ ሽቦ ነው። አንድ ላይ የተገናኙት በሸራው ላይ ብቻ ነው። ከሸራው ወርዶ በእጅ የሚዳሰስ የብርሃን ሰይፍ በ1977 በዓለም ላይ አንድም አልነበረም። ይህች መጽሔት ራሷ በሰም ወረቀት ላይ ተመትታ ስትባዛ ዋናው ወረቀት ቀዳዳ ብቻ ሆኖ ቅርጫት ይገባል፤ የምናነበው ቅጂውን ነው፤ ማንም ደግሞ «የውሸት መጽሔት አነበብኩ» ብሎ አያዝንም።

ፊልሙ በግንቦት ወር በአሜሪካ ሲታይ ልጆች አበዱ። የመጫወቻ ዕቃ የመሥራት መብት የነበረው ኬነር የተባለው ኩባንያ ግን አልተዘጋጀም ነበር፤ ለ1977 የገና በዓል መጫወቻዎቹን ማድረስ ስላቃተው ምን ሸጠ መሰላችሁ? ባዶ ካርቶን! በውስጡ «አሻንጉሊቶቹ በሚቀጥለው ዓመት በፖስታ ይላኩልሃል» የሚል የቃል ኪዳን ወረቀት አለበት። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የኩባንያው የብርሃን ሰይፍም በአፍ የሚነፋ የፕላስቲክ ፊኛ ነበር፤ በእጅ ባትሪ ጫፍ ላይ ተሰክቶ ይበራል። አንዴ ቀዳዳ ካገኘችው አለቀለት። እንግዲህ ባዶ ካርቶን የገዛ ልጅ፣ ወይም ከናካቴው መግዛት ያልቻለ ልጅ የመጥረጊያ እንጨት ቢያነሣ ምን ይገርማል? መጥረጊያው ደግሞ ያማል። ቱቦው የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

የቱቦው ዘር ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ያ የሚነፋው ፊኛ የተሠራበት ቪኒል የዚሁ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ኦይገን ባውማን የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሰው፣ ጋዝ የያዘ ጠርሙስ ለፀሐይ ተጋልጦ ነጭ ጠጣር ነገር ሲያበጅ አየ፤ ምን እንደሚረባ ግን ለረጅም ጊዜ የሚያውቅ አልተገኘም። በ1926 አሜሪካዊው ዋልዶ ሴሞን አለስልሶ የሚተጣጠፍ አደረገው። በ1930ዎቹ ጀርመኖች የውሃ መስመር ዘረጉበት። አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ በተራ መጋዝ ይቆረጣል። ለቧንቧ ሠራተኛ የተፈለገው ጠባይ ሁሉ ለሰይፍ ሠሪም ተስማማ ማለት ነው።

አሁን የሚደንቀኝን ነገር ልናገር። በአሜሪካ ይህ ነጭ ቱቦ የሚሸጠው በ10 ጫማ ርዝመት ነው፤ ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ። የተለመደው ስለት 3 ጫማ ይሆናል፤ 91 ሳንቲ ሜትር። ከአንድ ቱቦ ሦስት ስለት ይወጣል፤ የሚተርፈው አንድ ጫማ፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር፣ ለአንድ እጀታ ልክ ነው። የለካው ሰው ያለ አይመስልም፤ ግን የተለካ ይመስላል።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፤ እጅ ሲነካው ግን የራሱ ጠባይ አለው። ባለ 3/4 ኢንች ቱቦ በስሙ 3/4 ይባል እንጂ ስሙ ስለ ውስጡ ነው፤ የውጭ ስፋቱ 26.7 ሚሊ ሜትር ነው። የባለ አንድ ኢንቹ ወፍራም ቱቦ የውስጥ ስፋት ደግሞ 26.6። ለዐይን አንዱ ወደ ሌላው የሚገባ ይመስላል፤ አይገባም! የፀጉር ያህል ነው የቀረው። ትዕግሥት ያለው በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ይውላል፤ ትዕግሥት የሌለው ባለ ግማሽ ኢንቹን፣ ማለትም ባለ 21.3 ሚሊ ሜትሩን ቱቦ ይወስድና እስኪጠብቅ ድረስ ቴፕ ይጠመጥምበታል። በቱቦው ጎን የታተመውን የፋብሪካ ጽሑፍ በአሴቶን ማጥፋት ይቻላል፤ ሲበዛ ግን ፕላስቲኩን ራሱን ያለሰልሰዋል። ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ ሳይፋቅ የተቀባ ስፕሬይ በመጀመሪያው ፍልሚያ ይላጣል። በእሳት አሙቆ ማጠፍም ይቻላል፤ ከተቃጠለ ግን የሚወጣው ጢስ ሳንባ የሚያቃጥል አሲድ ያለበት ስለሆነ በዚህ ነገር ድፍረት ጀግንነት አይደለም። ለትንንሽ ልጆች ከሆነ ቱቦው ላይ የሙቅ ውሃ መስመር የሚለብሰውን ስፖንጅ ያለብሱታል፤ እሱም እንግዲህ ከዚያው ከቧንቧ ሱቅ ነው።

አንድ ጉድለት ግን አለው፤ አልደብቅም። ነጩ ቱቦ ብርሃን አያሳልፍም። የብርሃን ሰይፍ ይባል እንጂ አይበራም። ውስጡ የእጅ ባትሪ ቢከቱበት የሚበራው ጫፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ በሁለት ጎራ ተከፈሉ። አንደኛው ጎራ ደማቅ ቀለም ቀብቶ «ብርሃኑን አንተ ሙላበት» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ከጥንቱ የመድረክ ጥበብ ጋር ይዛመዳል፤ እኛም በትምህርት ቤት ቲያትር ላይ ጎራዴውን ከካርቶን ቆርጠን በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልለን ወጥተናል፤ ተመልካቹም ካርቶን መሆኑን እያወቀ ሲመዘዝ ይጮኻል። ሁለተኛው ጎራ ፖሊካርቦኔት ወደሚባለው ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ዞረ። ርካሹ ምንጭ የት ተገኘ? የሸምበቆ መብራት ቢሰበር ስብርባሪው እንዳይበተን ከሚለብሰው መከላከያ ቱቦ! ብርቱ የኤልኢዲ መብራቶች ከ2000 ወዲህ በርካሽ መገኘት ሲጀምሩ፣ ከታች መብራት፣ ከላይ ትንሽ መስታወት፣ በመሐል ብርሃኑን የሚበትን የስጦታ መጠቅለያ ሴሎፎን እየጠቀለሉ ከላይ እስከ ታች የሚበራ ስለት አበጁ። ለእጀታውም ከእጅ መታጠቢያ ሥር ያለውን፣ ኒኬል የመሰለውን የፍሳሽ ቱቦ ፈትተው አዋሉት። በ2015 በወጣው ፊልም ላይ የፊልሙ ባለቤቶች ራሳቸው ተዋናዮቹን የሚበራ ቱቦ አስያዟቸው፤ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ። የቤት ሠሪዎቹ ከዚያ ቀድመው የሚበራ ስለት ይዘው በየጓሯቸው ይፋለሙ ነበር።

በዚህ መካከል ያ ከአሮጌ ሣጥን የተነሣ የግራፍሌክስ እጀታ ምን ሆነ? ተወደደ። አድናቂዎች የፊልሙን ፎቶግራፎች በማጉያ መነጽር እያዩ፣ ይህ የየትኛው ሞተር ቱቦ ነው፣ ይህ የየትኛው ቦምብ ነው እያሉ ለብዙ ዓመታት አጣርተው አንድ በአንድ ለዩት። እኔ ይህን ከታሪክ ምርምር አላሳንሰውም፤ ከሰነድ ይልቅ ዕቃ ማንበብ ነው። የዚህ ትጋት ውጤት ግን የተጣለው ብረት ብርቅ መሆኑ ነው፤ የድሮ ካሜራ የሚሰበስቡ ሰዎች እስኪማረሩ ድረስ። በ2008 ሉክ በፊልሙ የያዘው እጀታ በጨረታ 240,000 ዶላር ተሸጠ። አቅም የሌለው ወደ ቱቦ የሄደው እንግዲህ ዋናው ውድ ስለነበር አይደለም፤ ርካሹ ነገር እያደር ውድ ስለተደረገ ነው።

የውሸት ሰይፍና የድህነት ዝምድና ከዚህ ሁሉ በፊት የቆየ ነው። ሉካስ ብዙ የቀዳው ከጃፓን ፊልም፣ በተለይም ከአኪራ ኩሮሳዋ የ1958 ሥራ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጃፓን ብዘልቅ ከመንገድ ወጣ አትበሉኝ። ጃፓኖች «ታኬሚትሱ» የሚሉት ከቀርከሃ ተቀርፆ ብርማ ልባስ የሚለብስ ሰይፍ አላቸው። በመድረክና በፊልም ተዋናይ ይይዘዋል፤ በድሮው ዘመን ደግሞ ጌታውን ያጣና የተቸገረ ሳሙራይ እውነተኛውን ስለት ሸጦ ቀርከሃውን በአፎት ይዞ ይዞር ነበር። ማሳኪ ኮባያሺ በ1962 የሠራው «ሐራኪሪ» የሚባለው ፊልም የሚያወራው ስለዚህ ነው። በ1630 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አንድ ችግረኛ ወጣት ወደ አንድ ትልቅ ቤት መጥቶ «በደጃችሁ በክብር ራሴን ልሠዋ» ይላል። የቤቱ ሹማምንት ሰይፉን መዘው ሲያዩ ቀርከሃ ነው። ይሥቃሉ፤ ከዚያም «በራስህ ሰይፍ ፈጽም» ብለው በቀርከሃው ሆዱን እንዲቀድ ያስገድዱታል። ስለቱን የሸጠው ለታመሙ ሚስቱና ልጁ ነበር። በኋላ የሚስቱ አባት መጥቶ ሲፋረዳቸው የሚታየው፣ የቤቱ ክብር ራሱ በአዳራሹ የተቀመጠ ባዶ ጥሩር መሆኑ ነው። ይህን ፊልም ያየ ሰው «ያንተ የውሸት ናት» የሚለውን ቃል በቀላሉ ከአፉ አያወጣም።

በእኛ ዘመን ደግሞ ፍርድ ቤትም ገብቶበታል። ለ1977ቱ ፊልም የወታደሮቹን ነጭ የራስ ቁር በፕላስቲክ ቅርጽ ያወጣው አንድሩ ኤይንስወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ከድሮው ቅርጽ እያወጣ መሸጥ ጀመረ። የፊልሙ ኩባንያ ከሰሰው፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤት 20 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደበት። በእንግሊዝ አገር ግን ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሐምሌ 27 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ውሳኔ ሌላ ነው፤ የራስ ቁሩ ሐውልት አይደለም፣ ለፊልሙ ሥራ የሚያገለግል ዕቃ ነው፣ የጥበብ ሥራው ፊልሙ ነው ተባለ። ሰውዬው ሁሉን አላሸነፈም፤ የአሜሪካን የቅጂ መብት በተመለከተ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት ይችላል ተብሎበታል። ለእኛ ጉዳይ ግን የመጀመሪያው ነጥብ ይበቃል። ዳኞቹ ስለ ቁር ተናገሩ እንጂ እኔ በሰይፉ ቦታ ተክቼ አነበብኩት፤ በእጅ ያለው ዕቃ መሣሪያ ነው፣ ጥበቡ በሸራው ላይ ነው።

በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፈረንሳይ የሻሞላ ፌዴሬሽን የብርሃን ሰይፍ ፍልሚያን ከነባሮቹ ስፖርቶች ተርታ በይፋ አስገባው። ስለቱ የፖሊካርቦኔት ቱቦ ነው። ራስና ደረት የመታ 5 ነጥብ፣ ክንድና እግር የመታ 3፣ እጅ የመታ 1 ያገኛል፤ ቀድሞ 15 የደረሰ ወይም በሦስት ደቂቃ የበለጠ ያሸንፋል። አንድ ልዩ ደንብም አለበት፦ ተፋላሚው ከመምታቱ በፊት የሰይፉን ጫፍ ወደ ኋላው ማሳለፍ አለበት፤ እንደ ሻሞላው ፈጥኖ መውጋት የለም። ይህ የተደረገው ፍልሚያው እንደ ፊልሙ ሰፊና ለዐይን የሚታይ እንዲሆን ነው። በ1976 አሌክ ጊነስ ቀስ ብሎ የሚያወዛውዘው በእጁ ያለው እንጨት እንዳይሰበርበት ነበር፤ የዛሬዎቹ ፈረንሳዮች ቱቦ ግን በጡብ ግድግዳ ቢመታም በቀላሉ አይሰበርም።